የአማቼ ግንብና የካህናቱ ፈረሶች

ፈረስ መግራት ማንም አላስተማረኝም። ማንበብም ማንም አላስተማረኝም፤ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ፊደል እየለቀምኩ ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ኮርቻ እሠራለሁ፣ ልጓም እቀጥላለሁ፣ የፈረስ ቁርጠት አድናለሁ። ሬዲዮ ሲበላሽ ፈትቼ እገጥማለሁ፤ አንዳንዴ ትርፍ ብሎን ይቀራል፣ ሬዲዮው ግን ይናገራል። ከሰቆጣ እስከ ጽጽቃ፣ ከአምደወርቅ እስከ ፃግብጂ፣ ፈረስን በዱላ ሳይሆን በጭንቅላት የሚገራ ሌላ ሰው አለ የሚለኝ ካለ ይምጣና ያሳየኝ። እስካሁን የመጣ የለም።

ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። አማቼ እንዴት እንዳንጨረጨረኝ ለመረዳት፣ የተንጨረጨረው ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ ስለሚያስፈልግ ነው።

አማቼ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። አየርላንድ ውስጥ በአንድ ትልቅ የግንብ ርስት፣ በፈረስ ጋጣ ብዙ ዓመት ሠርቷል። ልጄንም ያገኛት እዚያው ነው፤ እሷ ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእኔ ሳልና የሬዲዮው ድምፅ ነበር። ባሏንና ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ሰቆጣ ስትገባ ደስ አለኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም፤ እንዲህ ያለ ነገር በአፍ አይነገርም። አጥሩን ግን በአዲስ እንጨት አጠርኩት።

አማቼ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኝ ጀመር። ግንቡ በእርግጥ ግንብ ነው፤ ማማ አለው፣ ሐረግ ወጥቶበታል፣ ዙሪያው እንደ ገብስ ቡቃያ የለመለመ ሣር ነው። ረጃጅም ቦት ጫማ ያደረጉ ሰዎች በፈረስ ተሰልፈዋል፤ ከኮርቻቸው ውሃ ይንጠባጠባል።

«ሰዎቹ ወዴት ሊሄዱ ነው?» አልኩት።

«የትም፣ አባባ። ጋልበው ይመለሳሉ።»

«ምን ሊያመጡ?»

«ምንም። ለመዝናናት ነው። ጠዋት ይጋልባሉ፣ ከሰዓት ይጋልባሉ፣ ሲመለሱ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋሉ፣ ከዚያ በሻማ ብርሃን ራት ይበላሉ።»

«በዚህ ዝናብ?»

«ዝናቡማ እዚያ ሁልጊዜ አለ።»

እኛ ዘንድ ሰው ፈረስ ላይ የሚወጣው ሰርግ ሲኖርበት፣ ለቅሶ ሲጠራ፣ ገበያ ሲርቀው ወይም ጥምቀት ሲሆን ነው። የትም ላይሄድ ፈረስ የሚጭን ሰው ቢታይ ዘመድ ተሰብስቦ ጠበል ይወስደዋል። እነዚያ ግን ለዚህ ብለው ባሕር ይሻገራሉ። ይሁን፣ ይሻገሩ። እኔን ያቃጠለኝ፣ አማቼ ይህንኑ ነገር ሰቆጣ ላይ ልሥራ ማለቱ ነው።

ሠራውም። ከከተማው በላይ ባለው ጉብታ ላይ ከአገራችን ድንጋይ ቤት አቆመ፤ ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ ቀጠለበት። ማማው ውስጥ ምንም የለም፤ ለማማነቱ ብቻ ነው። የከተማው ሰው «ግንቡ» ብሎ ስም አወጣለት። በየክፍሉ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ተቀመጠ፤ ሰው ሙሉ የሚያስተኛ ነጭ ገንዳ። ውሃው ግን ከየት ይምጣ? ቧንቧው ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። አህዮች ጀሪካን እየተጫኑ ጉብታውን ይወጡ ጀመር። ውሃ ወረፋ ላይ ያሉ ሴቶች እኔን ባዩ ቁጥር አይለቁኝም።

«አባቴ፣ የዛሬው ውሃ ለመጠጥ ነው ወይስ ለመዘፍዘፊያ?»

«ለመዘፍዘፊያ ከሆነ እኛም ልብስ ይዘን እንምጣ፤ ውሃው ለምን ይደፋል!»

እኔ ምን ልበላቸው? ልክ ናቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት ልጄ ኮርቻ ከምሠራበት ጥግ መጥታ ቆመች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ እንዳይቆጡ።»

«ተቆጥቻለሁ፤ ንገሪኝ።»

«የዚያ የአየርላንዱ ግንብ የጋጣ አለቃ የነበረችው ሴትዮ ልትመጣ ነው። ሦስት ሰዎችም አብረዋት አሉ። ጥሩ ነው ካለች በየበጋው እንግዶች ትልክልናለች።»

«አይሆንም ካለችስ?»

ልጄ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። «ትምህርት ቤት ሳይከፈት እንመለሳለን። የልጆቹ አባት ከፈረስ ሌላ ሥራ አያውቅም።»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ልጄና የልጅ ልጆቼ ሰቆጣ መቅረታቸው በአንዲት አይቻት በማላውቅ ሴት አፍ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። እኔ «እሺ፣ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ» አልኳት። በማግስቱ ግን ማንም ሳይልከኝ ፈረስ ፍለጋ ወደ አምደወርቅ ወጣሁ።

የፈረስ ምርጫ ላይ ማንም አይደርስብኝም። ያዋጣል ብሎ ዘሎ የጥምቀት ጉግስ ፈረስ የሚገዛ ሰው ሞኝ ነው፤ እንግዳ ሰው ጀርባው ላይ ሲወጣ ሰማይ ለሰማይ ይዞት ይሄዳል። እኔ በየደብሩ ዞሬ የካህናትን ፈረሶች መረጥኩ። የካህን ፈረስ ጥላ አይፈራም፣ ሰው አይነክስም፣ ጥምጥም ቢፈታበት አይበረግግም፣ ሕፃን ቢወጣበት አይነቃነቅም። ዳማ፣ ጉራች፣ ቡላ፣ ሁሉንም ጥርስ ገልጬ፣ ኮቴ አንስቼ፣ ጆሮ ውስጥ አንሾካሹኬ ነው ያመጣኋቸው። በእጄ እየሳብኩ፣ በእግሬ። እንዲህ ያሉ ጨዋ ፈረሶች በአንድ ጋጣ ተሰብስበው ዋግ ውስጥ ታይተው አያውቁም።

ምስጋናው ምን ነበር? «በቀኝ በኩል ነው እንዴ የሚወጣባቸው?» አለኝ አማቼ።

«ታዲያ በየት ሊወጣ ነው? በጭራ?»

«አየርላንድ በግራ ነው፣ አባባ።»

እኛ አገር ፈረስ ላይ ከድሮም በቀኝ ነው የሚወጣው። ሆኖም ለልጄ ስል ከግንቡ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ፈረሶቹን በግራም አስለመድኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ክረምቱ ይወጣበት ነበር፤ እኔ ነኝና ቶሎ አለቀ። ይህን ስጨርስ ደግሞ ካሮት መጣ። ፈረስ ሥራውን በደንብ ሲሠራ ካሮት ይሰጠዋል አለኝ። ካሮት! ጉራቹ አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ዳማው አፉ ውስጥ አዙሮ አዙሮ በአማቼ ጫማ ላይ ተፋው። ከዚያ በአገውኛ «ጎበዝ» ስለው ጆሮውን አቆመ። ፈረሱ የሚሰማውን ቋንቋ ያውቃል።

እንግዶቹ ከላሊበላ በኩል በመኪና መጡ። ሴትዮዋ ትከሻዋ ሰፊ፣ ፊቷን ፀሐይና ነፋስ ያደረቀው፣ ከአርባ ያለፈች ናት። ከእሷ ጋር አንድ በጣም ወፍራም ሰውና ቀጫጭን ባልና ሚስት ነበሩ። እኔ ሰውን የምለካው ወደ ፈረስ ሲራመድ ነው። ሴትዮዋ ከፊትም ከኋላም ሳይሆን በትከሻው በኩል ቀረበች፣ መዳፏን አስሸተተችው፣ ከዚያ አንገቱን ነካችው። ስለዚህች ብዙ አልጨነቅም አልኩ በልቤ። ወፍራሙን ሰው ሳይ ግን ስለ ቡላው አዘንኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወጣን። አማቼ ከፊት፣ አራቱ እንግዶች ከኋላው፣ እኔ በሰጋር በቅሎዬ መጨረሻ። ልጄ ምሳ ይዛ በመኪና ቀድማ ወደ ላይኛው ሜዳ ሄዳለች። ከጉብታው ወርደን ጥቂት እንደተጓዝን የመጀመሪያው ደብር ጥድ ብቅ አለ። ወዲያው አምስቱም ፈረሶች ቀጥ አሉ። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ።

አማቼ ፈረሱን ጎሸም ጎሸም አደረገው። ሴትዮዋም የራሷን በባቷ ገፋችው። ምንም።

«አባባ! ምን ሆኑ?»

እኔ ከበቅሎዬ ወርጄ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እየተሳለምኩ ነበር። ስሳለም አልናገርም። ጨርሼ ቀና አልኩ።

«ቤተ ክርስቲያን ነዋ» አልኩት።

«እሱንማ አያለሁ። ፈረሶቹ ምን አገባቸው?»

«የካህን ፈረሶች ናቸው። ጌታቸው እዚህ ይወርዳል፤ እስኪወርድ ይቆማሉ። የተቀመጠባቸው ሰው ሲወርድ ደግሞ ይሄዳሉ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም!»

«ፀሐይ በምሥራቅ እንደምትወጣስ ነግሬሃለሁ?»

ይህን ያህል ዓመት የኖርኩት፣ ሰው በፈረስ ተቀምጦ በደብር ፊት እንደማያልፍ ለትልቅ ሰው መንገር ይኖርብኛል ብዬ አይደለም። ስንለማመድ የነበረው በግንቡ ጀርባ ነው፤ እዚያ ደብር የለም። እሱም ከዚያ ሜዳ ወጥቶ አያውቅም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

እንግዶቹ ወረዱ፣ ጥዱን በእግራቸው አለፉ፣ እንደገና ወጡ። እንደገና ወጡ ስል ግን ወፍራሙን ሰው ረስቼ ነው። ግንቡ ደጃፍ ላይ በደረጃ ነበር የወጣው፤ እዚህ ደረጃ የለም። እኔና አማቼ ትከሻችንን አስገብተን ገፋነው። ቡላው አቃሰተ። ሰውዬው ደጋግሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ይቅርታው ግን ክብደቱን አይቀንሰውም።

ዋግ ውስጥ ከአንዱ ደብር ጥድ ሥር ሆነህ የሌላውን ታያለህ። ወፍራሙ ሰው ኮርቻው ላይ ተደላድሎ ሳይጨርስ ሁለተኛው ደረሰ። ፈረሶቹ ቆሙ። ውረዱ፣ እለፉ፣ ውጡ። በዚህ መሐል ጨርቅ የሚነግድ ሙስሊም ወዳጄ አህዮቹን ነድቶ ከኋላችን መጣ። እሱም እንደ ልማዱ ከበቅሎው ወረደ፤ አባቱም እዚያ ቦታ ይወርድ ነበር፤ የጎረቤት ደጅ ነው ይላል። ከወፍራሙ ሰው ሥር ታጥፌ ሲያየኝ ቆሞ አጨበጨበ።

«ወዳጄ፣ በዚህ ዕድሜህ ጆንያ መጫን ጀመርክ?»

«እንግዳ ነው፤ ዝም በል።»

«እንግዳ ከሆነ አህያ ላይ አድርገው፤ መሬቱ ቅርብ ይሆንለታል።»

ሳቁን ሲጨርስ ግን ሦስተኛ ትከሻ ሆኖ ገፋልን፤ ሰውዬውም ወጣ።

ሦስተኛው ደብር ላይ አማቼ ትዕግሥቱ አለቀ። እሱ ራሱ ወርዶ የሴትዮዋን ዳማ በዛቡ እየጎተተ፣ ሴትዮዋ እላዩ ላይ እንደተቀመጠች ሊያሳልፈው ሞከረ። ዳማው አራት እግሩን ተክሎ ወደ ኋላ ተቀመጠ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሸክማቸውን እንደያዙ ቆመው ያያሉ።

«አይ አባቴ! አማችዎ ከፈረስ ጋር ይሟገታል እንዴ?»

«አንተ ልጅ፣ ተወው፣ ፈረሱ የቆረበ ነው! አንተ ነህ የቀረህ!»

አማቼ ጆሮው ድረስ ቀላ። እንግዶቹ ምን ተባለ ብለው ይጠይቁታል፤ እሱ ዛቡን ይጎትታል። እኔ ተናድጃለሁ፤ በእሱ ተናድጃለሁ፣ በሴቶቹ ተናድጃለሁ፣ ፈረሶቹ ግን አላሳፈሩኝም።

ላይኛው ሜዳ ስንደርስ ሁሉም ነገር የሚስተካከል መሰለ። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ከሩቅ ተራራው በተራራ ላይ ተደራርቦ ይታያል። ልጄ ጥላ ሥር ምሳ አሰናድታ ትጠብቃለች። ሴትዮዋ ሜዳውን አይታ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። አማቼም ነፍስ ዘራ።

«እስከ ጫፉ ድረስ ሽምጥ!» አለ።

«እስከ ጫፉ አይሆንም» አልኩት። «ከሾላው ዛፍ እንዳታልፉ። ወዲያ ካለው ጉብታ ጀርባ ደብር አለ።»

«አይታይም፣ አባባ።»

«ለአንተ አይታይም።»

አልተረጎመላትም። ሴትዮዋ ለቀቀችው። ዳማው ሲጋልብ ማየት ነበረባችሁ፤ ጭራውን ነስንሶ፣ አንገቱን ዘርግቶ፣ ሜዳው ከሥሩ የሚሸሽ ይመስላል። በጋ የበላውን ገብስ ሁሉ ያኔ ነው የከፈለኝ። ሾላውን አለፉ። በቅሎዬ ላይ ቆሜ በአማርኛም በአገውኛም ጮህኩ። ነፋሱ ወደ እኔው መለሰው። ዳማው ካህኑ ሁልጊዜ የሚወርዱበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ በዚያ ሩጫ ላይ እንዳለ፣ ቆመ። ሴትዮዋ አልቆመችም። በአንገቱ በላይ አልፋ አቧራው ላይ ወደቀች።

ደርሼ ስወርድ ልጄ እየሮጠች መጥታለች፤ ፊቷ ደም የለውም። አማቼ ራሱን ይዞ ይዞራል፤ «ኢንሹራንስ፣ ኢንሹራንስ» ይላል። ሴትዮዋ ቀስ ብላ ተነሣች። ክርኗ ተልጦ ይደማል። እሷ ግን ክርኗን ሳታይ መጀመሪያ ሄዳ የዳማውን የፊት እግሮች ከላይ እስከ ታች ዳበሰች። ያኔ ወደድኳት። ይህ ግን ንዴቴን አላበረደውም።

ከዚያ ልጄ እየተረጎመች ሴትዮዋ ተናገረች። ፈረሶቹ ጥሩ ናቸው አለች። ጥሩ ብቻ! ነገር ግን በሽምጥ ላይ እያለ ሳይነግር የሚቆም ፈረስ ላይ እንግዳ አላስቀምጥም፤ አንዱ አንገቱ ይሰበራል። ፈረሶቹን የገራቸው ሰው ይህን ልማድ ማስተው ይችላል ወይ? ከቻለ እንግዶቼን እልካለሁ። ካልቻለ አልልክም።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

መቻሉንማ እችላለሁ። እሷ ተናግራ ሳትጨርስ እንዴት እንደሚደረግ ታይቶኛል፤ ከደብሩ ወዲያ ገብስ ይቀመጣል፣ ፈረሱ ይራባል፣ ከኋላ አንድ ሰው ይከተላል፣ በጥቂት ሳምንት ልማዱ ይጠፋል። በዋግ ይህን ማድረግ የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ደብር የማያከብር ፈረስ የገራ ሰው ግን በዋግ ታይቶ አይታወቅም፤ እንዲህ ያለ ስም እዚህ ማንም አይመኝም። ልጄን አየኋት። እናቷን ትመስላለች። አንደኛዋ የልጅ ልጄ ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደምትቀሰቅሰኝ አሰብኩ፤ አፍንጫዬን ትይዛለች፣ ሥነ ሥርዓት አታውቅም።

«አደርገዋለሁ» አልኩ።

ልጄ ወደ ሴትዮዋ አልዞረችም።

«ሰማሽ አይደል?» አለ አማቼ። «ይችላሉ! ንገሪያት እንጂ!»

«አልነግራትም፤ አንተም እንዳትነግራት።»

«ተርጉሚ» አልኳት እኔም። «አደርገዋለሁ ብያለሁ።»

«እርስዎ ነዎት፣ አባዬ፣ በደብር ፊት ሰው ተሸክሞ የሚያልፍ ፈረስ የሚገሩት?» አለችኝ። «ከዚያ ልጆቼ በዚህ ከተማ የማን የልጅ ልጆች ተብለው ሊኖሩ ነው?»

«ካልሆነ ልትሄዱ ነው።»

«መሄድም ከሆነ እንሄዳለን። እርስዎን አዋርጄ ግን አልቀርም።»

ይህን ብላ ወደ ሴትዮዋ ዞረችና በእንግሊዝኛ ረዘም አድርጋ ተናገረች። የእንግሊዝኛ ፊደል ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ራሴን አስተምሬያለሁ፤ ሲነገር ግን ይፈጥናል። ከሴትዮዋ ፊት ያነበብኩት ግን በየትም ቋንቋ አንድ ነው። «አይሆንም» ነበር።

ምሳው ሳይጣፍጠን በላን። ወደ ታች ስንመለስ ሴትዮዋ በየደብሩ ፈረሱ ሳይቆም ቀድማ ወረደች። ቀጫጭኖቹ ባልና ሚስትም ተከተሏት። ወፍራሙ ሰው ከሁለተኛው ደብር ወዲያ ሁለተኛ አልወጣም ብሎ እስከ ግንቡ በእግሩ ሄደ፤ ቡላው ከኋላው እየተከተለ።

በማግስቱ መኪናው ሲነሣ ሴትዮዋ የተናገረችውን ልጄ ነገረችኝ። መጋለብ የሚፈልጉትን አትልክም። በእርጋታ መሄድ የሚወዱ፣ ራሳቸው ወርደው ራሳቸው የሚወጡ ጥቂት ደንበኞች ግን አሏት፤ በበጋው እነሱን ልካ ታያለች። ጥቂት። አማቼ «በጥቂት ሰው ግንብ አይተዳደርም» ብሎ ወደ ማማው ወጥቶ ተቀመጠ። እዚያ ምንም እንደሌለ ተናግሬያለሁ።

ልጄ ግን እኔ ያላሰብኩትን አሰበች፤ አልፎ አልፎ እንዲህ ይሆናል። የከተማው ሙሽሮች ግንቡ ፊት በፈረስ ሆነው ፎቶ እንዲነሡ በክፍያ ፈቀደች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ጉብታው ላይ እልልታና ሆታ ነው። ሚዜዎቹ ዳማው ላይ ለመውጣት ይጣላሉ፣ ኮርቻዬ ላይ ለስላሳ ያፈሳሉ፣ አንዱን በቀኝ ውጣ ስለው በግራ ይወጣል፣ በግራ ውጣ ስለው በጭራው። አማቼ ደረቱን ነፍቶ ያስተናግዳል። ነጩ ገንዳ ውስጥ ሙሽሮቹ የለስላሳ ሳጥን ያቀዘቅዙበታል። እኔ ስጮህ እውላለሁ፤ የሚሰማኝ ፈረሱ ብቻ ነው።

ልጆቹን ሰቆጣ ትምህርት ቤት አስመዝግባ የተመለሰች ቀን የተቀደደ ኮርቻ እየሰፋሁ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆመች።

«አስመዘገብኳቸው» አለችኝ።

«ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም።»

«ጫጫታቸው እንቅልፍ ነስቶኛል። ሬዲዮ እንኳ መስማት አልቻልኩም።»

«ላስወጣቸው ታዲያ?»

«ብርሃኑን አትከልይኝ» አልኳት።

ጎን ዞራ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ ክሩን መርፌው ውስጥ ላስገባ ሞከርኩ፣ አልገባም። እንደገና ሞከርኩ። ዓይኔ ደህና ነው፤ ከእኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ የተሻለ አያለሁ። የዛሬ ጊዜ ክር ነው የማይረባው።